በሩ ላይ ያልታወቀችው ልብስ ሰፊ

የልብስ ፋብሪካው ሰዎች ምላጭ ይሏታል፤ ስለ ምላሷ ነው። ሥራዋ ኮሌታ መስፋት ነው፤ የእሷ ኮሌታ ካልደረሰ ከእሷ ቀጥለው ያሉት ሁሉ እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ።

አንድ ቀን ጠዋት ስትነሳ የግራ ፊቷ ወርዶ አገኘችው። ዓይኗ አልከደን፣ አፏ ውሃ አልይዝ አለ። ሐኪሙ፣ "የፊት ነርቭ ነው፤ ቀስ እያለ ይድናል። ሥራ አይከለክልሽም" አላት። በነጋታው ሻርፗን ጉንጯ ላይ ሳብ አድርጋ ሥራ ሄደች።

ፋብሪካው በር ላይ ፊት የሚለይ ማሽን ተተክሏል። ሠራተኛው ከፊቱ ይቆማል፤ ካወቀው አረንጓዴ አብርቶ ይከፍትለታል። ለምላጭ ቀይ አበራ። ደገመች፤ ቀይ። ሻርፗን አወለቀች፤ ያው ቀይ።

"ጋሼ፣ ይክፈቱልኝ እንጂ!" አለች ዘበኛውን። ስንት ዓመት ሰላምታ የተለዋወጡ ሰዎች ናቸው።

ዘበኛው አንገቱን ደፋ። "እኔማ አውቅሻለሁ ልጄ። ማሽኑ ነው ያላወቀሽ።"

"ታዲያ በእኔና በእርስዎ መሃል እሱን ምን ጥልቅ አደረገው?"

የሠራተኞች ኃላፊው ተጠርቶ መጣ። ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት፣ ስልኩን እየነካካ፣ "ሲስተሙ ካላነበበሽ ቀሪ ነሽ። ፊትሽ ሲመለስ ትመጫለሽ" አላት።

ደሟ ፈላ። እስከዚያች ደቂቃ "እርስዎ" ስትለው የኖረችውን ሰው "አንተ!" አለችው። "ፊቴ የት ሄዶ ነው የሚመለሰው? ይኸው ተሸክሜው መጥቻለሁ! ጡት ያልጣለ ልጄ እንኳ መጀመሪያ አይቶኝ ደነገጠ፤ ስጠራው ግን ድምፄን ሰምቶ እቅፌ ውስጥ ገባ። አንተ ይህን ሁሉ ዓመት አብረኸኝ ሠርተህ፣ 'እሷ ናት' ለማለት አፍህን ምን ያዘው?"

"ደንብ ነው" ብሏት ተመልሶ ገባ።

ወደ ቤቷ አልሄደችም። ፀሐይዋ አልከደን ያለ ዓይኗን ስትለበልባት በመዳፏ እየጋረደች እዚያው ቆመች። ውስጥ ኮሌታ ጠፋ፤ ሸሚዙ አንገት አልባ ሆኖ ተከመረ። ወሬው የደረሳት ቁልፍ ሰፊዋ ጓደኛዋ ወንበሯን ገፍታ ተነሳች፤ ረድፉ በሙሉ ተከተላት። መጥተው በሩ ላይ ተኮለኮሉ።

"እሷን የማያውቅ በር እኛንም አይወቀን!" አለች ቁልፍ ሰፊዋ።

ኃላፊው የቆመው ሥራ አስጨንቆት እየሮጠ መጣ። "በቃ፣ ይክፈቱላት" አለ ዘበኛውን፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"መጀመሪያ ቀሪ ያልከኝን ሰርዝ። እዚሁ፣ እነሱ እያዩ!"

ሰረዘ። ይቅርታ ግን ከአፉ አልወጣም።

ገብታ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። የመጀመሪያውን ኮሌታ አጣማ ሰፋችው፤ ተርትራ እንደገና ጀመረች። ፊቷ የዳነው ከወራት በኋላ ነው፤ እስከዚያው ዘበኛው በእጁ እየከፈተላት ገባች። ንዴቷ ግን ዛሬም አልበረደም። "ማሽኑስ ብረት ነው፤ ምን ያድርግ!" ትላለች። "እኔን ያንገበገበኝ፣ ዓይን እያላቸው ዓይናቸውን ለብረት ያዋሱት ናቸው።"