ቀይ ቆዳ የለበሰው ልብ ወለድ

ሰብሌ የመጽሐፍ ሽፋን ስትሰድብ ያልሰማ ሰው ስድብ ሰማሁ አይበል።

«ይቺን ይዩዋት» ትለኛለች፣ መጽሐፉን በሁለት ጣቷ እንደ ሞተ አይጥ አንጠልጥላ። «ፀጉሯ ተዘናፍሎ፣ ከንፈሯ ተቀብቶ፣ እንባዋ ደግሞ አንዲት ጠብታ ብቻ፣ እሷም ኩሏን ያላበላሸች። ውስጡ ሲነበብ ግን የጠላ ሻጭ ልጅ ናት፤ ሹሩባ ተሠርታ እንጨት ትለቅማለች ይላል። ታዲያ ይቺ ማን ናት? ማን ጠርቷት ነው ደጃፍ ላይ የቆመችው?»

እኔ አሕመዲን ነኝ፤ መካነ ሰላም መናኸሪያ ጀርባ፣ በስልክ ጠጋኝና በልብስ ሰፊ መካከል በተሸጎጠች የቆርቆሮ ሱቅ መጽሐፍ አከራያለሁ። እንጀራዬ ለወጣቶች የሚጻፈው ልብ ወለድ ነው። ሽፋኑን የሚሠራው አዲስ አበባ ያለ ሰው ነው፣ ታሪኩን የሚጽፈውም አዲስ አበባ ያለ ሰው ነው፤ ሁለቱ ተገናኝተው የሚያውቁ አይመስለኝም። ስድቡን የምቀበለው ግን እኔ ነበርኩ።

መጀመሪያ የመጣችው ትምህርት ቤቶች በተዘጉበት ጊዜ ነው። ጦርነቱ ሲጀምር ሥራ ፈት ተማሪ ሱቄን አጨናንቋት ነበር፤ ሲቆይ ተማሪው ራሱ አለቀ። ገሚሱ ወደ አረብ አገር ሄደ፣ ገሚሱ የት እንደገባ እናቱም አታውቅ። ሱቄ ጭር ባለችበት በዚያ ሰሞን ፊቷ ሞላ ያለ፣ ጥቁር ሻርፕ የተከናነበች ልጅ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ከባሕር ማዶ እንደመጣች አለባበሷ ያሳብቃል። እኔም ወግ ይድረሰኝ ብዬ «ማሻአላህ፣ አገሩ ተስማምቶሻል» አልኳት።

«ኩላሊቴ ነው» አለችኝ። «ውፍረት አይደለም፣ እብጠት ነው።»

የተቀየመች ግን አትመስልም፤ መደርደሪያውን እያየች ለዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ የሚሆን መጽሐፍ እንድሰጣት ጠየቀችኝ። ለታናሽሽ ነው ወይ አልኳት።

«ለራሴ ነው። በዐሥራ አምስት ዓመቴ ነው የሄድኩት። ፓስፖርቱ ላይ ሃያ አራት ነበርኩ። መሀል ላይ የዘለልኩት ስላለ እሱን ላንብብ ብዬ ነው።»

እንዲህ ሆነን ተዋወቅን። የወግዲ ገጠር ልጅ ናት። በላከችው ገንዘብ እናቷ እትዬ ድንቅነሽ ከተማ ገብተው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ሠርተዋል። ቤቱ ቆሞ ሲጠብቃት እሷ ግን ሰው ደግፏት ከመኪና ወረደች። አባቷ ቀደም ብሎ ሞቷል፣ ሌላ ልጅም የለም።

አነባበቧ እንደ ሌላው ሰው አይደለም። ሌላው «አሪፍ ነው» ወይም «ያስለቅሳል» ብሎ ይመልሳል። ሰብሌ መጽሐፍ የምትመልሰው ከነክሱ ነው። «እነዚህ ሰዎች ምግብ አይበሉም እንዴ?» አለችኝ አንድ ቀን። «ልጅቷ ሦስት ምዕራፍ ሙሉ ታለቅሳለች። በምን ጉልበቷ?» ወንዶቹን ጨርሶ አትወዳቸውም። ሁሉም ረጅም ናቸው፣ ሁሉም ጊታር ይጫወታሉ፣ የሁሉም አባት መኪና አለው። «ርዝመቱስ ይሁን፣ እዚህ ቦረና ረጅም ሰው ሞልቷል። ጊታሩን ግን ከየት አመጡት?» ወንድ ባየች ቁጥር የምትዝለፈለፈዋን ደግሞ «ደም ማነስ አለባት፣ ጤና ጣቢያ ይውሰዷት» ትላለች። እኔ ብቻዬን ስስቅ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው አንገቱን አስግጎ ያየኛል።

ከዚያ ሁሉ ገጸ ባሕርይ የወደደቻት አንዲት ነበረች፤ በአንድ ቀጭን መጽሐፍ ውስጥ ሻይ አቅርባ የምትጠፋ የቤት ሠራተኛ። ደራሲው ስም እንኳ አልሰጣትም። «እጇን ግን ጽፎታል» አለችኝ። «በረኪና የበላው እጅ ብሏል። ይሄ ሰው አይቷል።» የራሷን እጅ ሻርፗ ውስጥ ደብቃ ነበር ይህን ያለችኝ።

ሽፋን ለምን እንዲህ እንደሚያናድዳት የገባኝ ቆይቶ ነው። አንድ ከሰዓት ዝናብ ይዟት ሱቄ ውስጥ ተቀምጣ ሳለ፣ ሳልጠይቃት «እኔም ሽፋን ነበረኝ» አለችኝ። «ደላላው ፎቶ ሲያስነሳኝ ፈገግ በይ አለኝ፣ ፈገግ አልኩ። እመቤቲቱ ከስንቱ ፎቶ መሀል መርጣ ነው የወሰደችኝ። ሽፋን አይቶ የወሰደ ሰው ውስጡን አያነብም፣ ጋሽ አሕመዲን። ስሜንም አልጠየቀችኝ። ከእኔ በፊት በነበረችው ሠራተኛ ስም ነው ስትጠራኝ የኖረችው።»

እዚያ ውሃ መጠጫ ጊዜ እንኳ አልነበራትም። ሐኪሞቹ ኩላሊቷ በምን እንደተጎዳ በትክክል አልነገሯትም፤ እሷ ግን የምታውቀውን ታውቃለች። ደሴ ላይ እጥበት ተጀምሮላት ነበር። መንገዱ ሲከፈት በሚኒባስ ትሄዳለች፣ ሲዘጋ ትቀራለች። ኩላሊት ደግሞ መንገድ ተዘግቷልና ልታገሥ አይልም። ክረምቱ ሲቃረብ ወደ ሱቅ መምጣት አቃታት፤ መጽሐፉን ይዤ እኔው ወደ ቤቷ መመላለስ ጀመርኩ።

ከወሰድኩላት ውስጥ ከእጇ ያልወጣው አንድ መጽሐፍ ነው። ርእሱን አልናገርም፣ ደራሲው በሕይወት ያለ ሰው ነው። የኔአለም የምትባል ልጃገረድ አረብ አገር ትሄዳለች፣ ትሰቃያለች፣ ትታመማለች፣ በመጨረሻ ድና ወደ እናቷ ትመለሳለች። ሽፋኑ ላይ የፈረንጅ ፊት የተለጠፈባት ልጅ፣ አውሮፕላንና የምትጠልቅ ፀሐይ አሉ። ሰብሌ ደጋግማ አነበበችው፤ በጨረሰችው ቁጥርም ትናደዳለች።

«ይህን ሁሉ ገጽ እውነት ጽፎ መጨረሻው ላይ ዋሸ። አምሮባት፣ ሻንጣዋን እየገፋች፣ እናቷ ጉያ ትገባለች። እንዲህ ሆኖ የተመለሰ ማን አለ? ስም ይጥሩልኝ።»

ሽፋኑ ከመነበብ ብዛት የተነሳ ተቀዶ ስለነበር ላድሰው ስል እንዲህ አለችኝ፦ «ፊት የሌለበት ያልብሱልኝ። ማንም ሰው አይቁምባት።»

እኔ የተቀደደ መጽሐፍ የምጠግነው በወስፌ፣ በካርቶንና በዱቄት ሙጫ ነው። ያን ጊዜ ግን ዳዊት በቆዳ የሚደጉሱ አንድ መሪጌታ የተረፋቸውን ቀይ ቆዳ ሰጥተውኝ ነበር። ለሰብሌ ከዚያ የተሻለ ምን አለኝ ብዬ በእሱ አለበስኩት። ባዶ እንዳይሆን ዳር ዳሩን መሪጌታው ሲያደርጉ እንዳየሁት በጋለ ብረት መስመር አሰመርኩበት። አያምርም አልልም፣ ያምራል። ሰብሌ ተቀብላ በጣቷ ዳበሰችው፤ ከተዋወቅን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሽፋን አልሰደበችም።

በዚያው ሰዓት እትዬ ድንቅነሽ ከገበያ ገቡ። ፊደል አልቆጠሩም። ልጃቸው ደረት ላይ ያለውን ቀይ መጽሐፍ አዩ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ጎንበስ ብለው በግንባራቸውም በከንፈራቸውም ተሳለሙት። «ተመስገን፣ ልብ ገዛሽልኝ። በይ ከአጠገብሽ አይራቅ» አሉና ወደ ጓዳ ገቡ። እኔ አፌን ስከፍት ሰብሌ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

«ይተዋት» አለችኝ በሹክሹክታ። «ዓይንሽን አታድክሚ እያለች ስትቆጣኝ ነበር። አሁን እንደ ልቤ አነባለሁ።»

እውነትም እንደ ልቧ አነበበች። እናትየው ጎረቤት ሲመጣ «ዝም በሉ፣ እየጸለየች ነው» ይላሉ። የንስሐ አባታቸው ጠበል ሊረጩ የመጡ ዕለት እትዬ ድንቅነሽ «አባ፣ ከእሷው መጽሐፍ ይድገሙላት» ሲሉ ሰብሌ መጽሐፉን ፍራሹ ሥር ሸጉጣ ተኛችበት፤ ቄሱም ከራሳቸው ደግመው ሄዱ። ይህን ስታጫውተኝ ስቃ ስቃ ሳል ያዛት። እስከዚያ ድረስ ነገሩ ጨዋታ ነበር።

ፍልሰታ ሲገባ ጨዋታነቱ ቀረ። ዝናቡ በረታ፣ የደሴ መንገድ ለሳምንታት ተዘጋ፣ እብጠቱ ከእግሯ ወደ ሆዷ ወጣ። አንድ ጠዋት ስገባ እትዬ ድንቅነሽ መሬት ላይ ተንበርክከዋል፤ ቀዩን መጽሐፍ በልጃቸው ሆድ ላይ አስቀምጠው በሁለት እጃቸው ይዘውታል። «እመቤቴ ማርያም፣ ልጄን አድኚልኝ፣ ጥላ አስገባልሻለሁ። ከአረብ አገር መልሰሽ ለሞት አትስጫት» ይላሉ። ሰብሌ ጣሪያውን እያየች ታለቅሳለች፤ እንደ ሽፋኖቹ በአንድ ጠብታ አይደለም።

እናትየው ሲወጡ «ቀድሜ መንገር ነበረብኝ» አለችኝ። «አሁን እንዴት ልንገራት? በዚህ ተስፋ ላይ ነው ቆማ ያለችው። እኔ እያለሁ አይንገሯት። ከሄድኩ ግን ይንገሯት፣ ቃል ይግቡልኝ። ለነፍሴ ብላ ቤተ ክርስቲያን ትወስደዋለች፤ ቄስ ከፍቶት በሰው ፊት እንዳታፍር።»

«አብሽሪ፣ ማን ሊሄድ ነው» አልኳት።

«ቃል ይግቡልኝ» አለች። ገባሁላት።

በመጨረሻ ያየኋት ዕለት መጽሐፉን መያዝም አቅቷት ነበር። መጨረሻውን እንዳነብላት ጠየቀችኝ።

«ያንን ውሸት?» አልኳት፣ እንድትስቅልኝ።

«እንደሚዋሽ አውቃለሁ። ዝም ብለው ያንብቡት።»

አነበብኩላት። የኔአለም ከአውሮፕላን ስትወርድ፣ እናቷ ከሰው መሀል ለይታ ስትጠራት፣ ሁለቱ ሲተቃቀፉ። ሰብሌ ዓይኗን ጨፍና ሰማች። ስጨርስ አስተያየት አልሰጠችም፤ የፈራሁትም ያኔ ነው። በማግስቱ ረፋድ ላይ ከእነሱ ሠፈር የለቅሶ ጩኸት ሰምቼ ሱቄን ዘጋሁ።

አርባዋ ሲደርስ እትዬ ድንቅነሽ መጽሐፉን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ለቤተ ክርስቲያን ሊሰጡ መሆኑን ሰማሁ። ቃሌ ነውና ሄድኩ። ግን ከቤቴ እስከ ቤታቸው ያለው መንገድ እንደዚያ ቀን ረዝሞብኝ አያውቅም። ልጇን ለቀበረች እናት፣ የጸለይሽበት መጽሐፍ ዳዊት አይደለም ብሎ መንገር የምን ሥራ ነው? ሰብሌን ልቤ ውስጥ ተቆጣኋት።

ጥቁር ለብሰው መደብ ላይ ተቀምጠዋል፤ መጽሐፉ ጭናቸው ላይ ነው። ዙሪያ ጥምጥም መሄዱን ትቼ «እትዬ ድንቅነሽ፣ ይህ መጽሐፍ የጸሎት አይደለም» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። «የምንድን ነው ታዲያ?»

«ልብ ወለድ ነው። ሰው አስቦ የጻፈው ታሪክ። ቆዳውን ያለበስኩት እኔ ነኝ። ሰብሌ ናት እንድነግርዎ ያዘዘችኝ።»

ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ፣ ያለቅሳሉ ብዬ ጠበቅሁ። ጨርቁን ፈቱት፣ መጽሐፉን ከፈቱ፣ የማያውቁትን ፊደል ጥቂት አዩት።

«የማን ታሪክ ነው?» አሉኝ።

«የአንዲት ልጅ። አረብ አገር ሄዳ የተሰቃየች።»

«ታመመች?»

«ታመመች።»

«ከዚያስ?»

«ተመለሰች። እናቷ ጋ።»

«በሕይወቷ?»

«በሕይወቷ። ድና።»

«እናቷ ምን ተስላ ነው የዳነችላት?» ብለው ጠየቁኝ።

«እሱ አልተጻፈም።»

«ያለ ስለትማ አትድንም» አሉ፣ ልክ ሰብሌ በምትቆጣበት አኳኋን። «ጸሐፊው ረስቶታል። እኔ ነኝ የተሳልኩላት። ያን ሁሉ ቀን እላዩ ላይ ስጸልይ፣ ጸሎቴ ለእሷ ነው የደረሰላት።»

«እትዬ፣ ልጅቷ እኮ የለችም» አልኳቸው።

«የእኔስ የት አለች?»

መጽሐፉን መልሰው ጠቀለሉትና ሰጡኝ። ቤተ ክርስቲያን እንደማይወስዱት ገባኝ፤ ነገሩ አለቀ ብዬ ወጣሁ።

በመስከረም ማርያም ጠዋት ሱቄን ስከፍት እትዬ ድንቅነሽ በመናኸሪያው በኩል ሲያልፉ አየኋቸው። ብብታቸው ሥር ገና ከላስቲኩ ያልወጣ፣ ባለ ወርቅማ ዘርፍ ጥላ ይዘዋል። ሰላም ልላቸው ስነሣ እሳቸው ቀደሙኝ።

«ስለት ነው» አሉኝ ሳይቆሙ። «የዚያች ልጅ።»