ንጉሡ ሠ የወረደበት ሳምንት

በደርግ ጊዜ ፍኖተ ሰላም ከተማ አንዲት ጠባብ ንባብ ቤት ነበረች፤ ካርዶቿን የምጽፈው እኔ ነበርሁ። ከቡሬ ገና መምጣቴ ነው፤ ደግሞ ችኩል ነኝ፣ ዛሬም አልተወኝም።

ካርዶቹ በፊደል ተራ በመሳቢያ ይቀመጣሉ። ከእኔ በፊት የነበሩት ጸሐፊዎች ንጉሡን ሠ እና እሳቱን ሰ እንዳሻቸው ሲያቀያይሩ ኖረዋል። ስለ ሰብል የተጻፈ መጽሐፍ የሚፈልግ ገበሬ ሰባተኛውን መሳቢያ ሲያገላብጥ፣ ካርዱ አምስተኛው ውስጥ ተኝቷል። አናደደኝ። ካርቶን ቀደድሁና ለራሴ ትእዛዝ ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጠፍሁ፦ «ንጉሡን ሠ ስታይ ፋቅ። በእሳቱ ሰ ተካ። አትጠይቅ። ወደሚቀጥለው ካርድ እለፍ።»

ምላጭ ይዤ የመጽሐፉንም የአንባቢውንም ካርድ በአራት ቀን ጨረስሁ። ማን እንደ እኔ!

ጥበቃችን ቅኔ ቤት ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሽማግሌ ስለነበሩ «የኔታ» እንላቸዋለን። በማግስቱ ጧት እንደ ልማዳቸው መጽሐፍ ሊዋሱ ገቡና ካርዳቸውን ሰጠኋቸው። አነበቡት። ጠረጴዛው ላይ መለሱልኝና መጽሐፉን ሳይወስዱ ወጡ።

ካርዱን አየሁት። ስማቸው «ሠረቀ» ብሎ ነው የሚጀምር፤ በንጉሡ ሠ ብርሃን ወጣ ማለት ነው። እኔ በምላጬ ሌባ አድርጌያቸዋለሁ። ሲጠራ አንድ ስለሆነ ከልጅነታቸው ጀምሮ ገበያተኛው ሲቀልድባቸው ኖሯል፤ መልሳቸው ያቺ አንዲት ፊደል ነበረች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

በሩ ላይ ደረስሁባቸው። «የኔታ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ሳላስብ ነው።»

«ምነው ልጄ» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ «እነሱስ ያወረዱት ከዙፋኑ ነው። አንተ ከስሜ ታወርደዋለህ?»

ዙሪያዬን ቃኘሁ፤ ያን ጊዜ ይኼ ያሳስር ነበር። ግን ሣቄ አመለጠኝ፤ እሳቸውም ሣቁ።

የሳቸውን ካርድ ወዲያው ላርም ብል እምቢ አሉ። «እኔ መጨረሻ፤ የሌላው ሰው ስም ይቅደም።» የትኛው ካርድ ላይ ሠ እንደነበረ ግን እኔ ምኑን አውቄ! ፍቄዋለሁ። የቃሉን ሥር እሳቸው ያውቃሉ። ሳምንቱን ሙሉ አጠገቤ ተቀምጠው «ይኼ ንጉሡ፣ ይኼ እሳቱ፣ ተው ቀስ በል» እያሉ አስጻፉኝ። እንደ አባቴ ወደድኋቸው። ካርቶኑ ላይ «አትጠይቅ» ከሚለው «አት»ን በዚያው ምላጭ ፋቅሁት።

ቅዳሜ የሳቸው ካርድ ብቻ ቀረ። ልጽፍ ስል እስክሪብቶውን ተቀበሉኝ። የሠን ሦስት ዘንጎች አንድ በአንድ፣ ሳይቸኩሉ አወረዱ፤ ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ አሉበት።

«በል አሁን» አሉኝ፣ «መጽሐፌን ስጠኝ።»