ምራቄን ያልተፋሁበት ፈተና

ይህ ታሪክ መጻፍ የሚገባው መሆኑን እጠራጠራለሁ። የታመመ የለም፣ የተባረረም የለም፤ ነገሩ ሁሉ ስለ ጥቂት ምራቅ ነው። ቢሆንም ያን ከሰዓት ሳስታውስ ዛሬም አፌ ይደርቃል።

የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ የካ ካለው ቤታችን እየተመላለስኩ እማራለሁ። ሕክምና ለመግባት የባዮሎጂ ውጤቴ ከፍ ማለት አለበት። በኅዳር ጽዮን ዕለት ከእናቴ ጋር እንጦጦ ማርያም አስቀድሰን ቆረብን። የቆረበ ሰው በዚያ ቀን ምራቁን አይተፋም። እናቴ ነጠላዬን አፌ ላይ እያስተካከለች፣ እስኪመሽ ድረስ እንድጠነቀቅ ደጋግማ ነገረችኝ። ቁልቁለቱን ስንወርድ ስልኬን ከፈትኩ። የሰኞው የላቦራቶሪ ፈተና ወደዚያው ቀን ከሰዓት ተዛውሯል፤ የቀረ ዜሮ ያገኛል።

ተሯሩጬ ደረስኩ። ጠረጴዛው ላይ የስታርች ውሃ፣ አዮዲንና ባዶ የመስታወት ቱቦ ተቀምጧል። መምህራችን እያንዳንዱ ተማሪ የራሱን ምራቅ ቱቦው ውስጥ እንዲተፋ አዘዙ።

ባለሁበት ቀረሁ። አብራኝ የምትሠራው ልጅ ከመሪ ሰፈር የምትመጣ ሙስሊም ናት። ነገሩን በጆሮዋ ስነግራት ሳቋን አፍና፣ "የእኔን ላበድርሽ? ወለድ የለውም" አለችኝ። በሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። ግን የራሳችሁን ተብለናል፤ ማጭበርበር አልፈለግሁም።

ከሳምንት በፊት ሁለት ተማሪዎች በዝግመተ ለውጥ ጥያቄ ሥር "እምነቴ አይፈቅድም" ብለው ብቻ ጽፈው ወረቀቱን መልሰዋል። መምህሩ በጣም ተቆጥተው፣ ከእንግዲህ እምነቱን ሰበብ የሚያደርግ ተማሪ ከእሳቸው ነጥብ እንዳይጠብቅ ተናግረው ነበር። አሁን እየዞሩ እኔ ጋ ደረሱ። ባዶውን ቱቦ አዩ፤ ቀጥሎ ትከሻዬ ላይ ያለውን ነጠላ አዩ።

"አንቺም ከእነሱ ነሽ?"

ትምህርቱን እንዳልተቃወምኩ፣ ጠዋት ቆርቤ ስለመጣሁ መትፋት እንደማልችል ነገርኳቸው።

"ነገስ ሌላ ምራቅ ታመጫለሽ?"

"አይ ቲቸር፣ ያው ነው። ዛሬ ግን አልተፋም።"

ለአስተማሪ እንዲህ መልሼ አላውቅም። ውጪ እስኪሉኝ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን የአዮዲኑን ጠርሙስ ወደ እኔ ገፉና፣ ምራቅ ሲጨመር ምን እንደሚሆን በሁሉም ፊት እንዳስረዳ ጠየቁኝ። ምራቅ ውስጥ ያለው ኢንዛይም ስታርቹን ወደ ስኳር ስለሚቀይረው አዮዲኑ ጥቁር ሰማያዊ እንደማይሆን ተናገርኩ። ስለ ሙቀት ጠየቁኝ፤ መለስኩ። ስለ አሲድም ጠየቁኝ። እያወራሁ ምራቅ እንዳይፈናጠር መዳፌን አፌ ላይ ይዤ ስለነበር ሁለቴ "አልሰማሽም፣ ድገሚው" አሉኝ።

በመጨረሻ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ማወቁንስ ታውቂዋለሽ። ነጥቡ ግን ሠርቶ ላሳየ ነው። ነገ ሁለት ሰዓት በሩ ላይ ካላገኘሁሽ ዜሮ ነው" አሉ።

ማታ ለእናቴ ስነግራት ሳህኖቹን ሰብስባ ወደ ጓዳ ገባች። በማግስቱ ግን ከእኔ ቀድማ ተነስታ የቀሰቀሰችኝ እሷ ናት።

ባዶው ላቦራቶሪ ውስጥ መምህሩ አጠገቤ ቆሙ። ተፋሁ፤ የስታርቹን ውሃ ጨምሬ ጠበቅሁና አዮዲኑን ጠብ አደረግሁ። አልጠቆረም። ቱቦውን ወደ መስኮቱ አንስተው አዩና፣ "ምራቁን አብዝተሽዋል" አሉ፤ ነጥቤን ግን ሙሉውን ጻፉልኝ። ኅዳር 22 ቀን ነበር።