ጨርሰሽ አትቅሪ

የአባቴን እህት አዳዳ ነበር የምንላቸው። እሳቸው ጢቾ ቤታቸው የበግ ሱፍ ይፈትላሉ፤ እኔ አሰላ ሆኜ በዚያው ክር ለሳቸው ሹራብ እሠራለሁ። ታዲያ አንድ ልቃቂት እንጂ ሁለት ሰጥተውኝ አያውቁም። «ገና እየፈተልኩ ነው ልጄ። ሳትጨርሺ አትምጪ፤ ጨርሰሽ ደግሞ አትቅሪ» ይሉኛል። ክሩ ባለቀብኝ ቁጥር ሚኒባስ ተሳፍሬ እሄዳለሁ።

ከቀብራቸው በኋላ ልጃቸው ከአልጋቸው ሥር አንድ ማዳበሪያ ጎትታ አወጣች። ልቃቂት ሞልቶበታል። ለካ ፈትለው የጨረሱት ድሮ ኖሯል!

ያን ሁሉ ክር ታቅፌ እያለቀስኩ ተመለስኩ። ትናንት የመጨረሻው እጅጌ አለቀ። አሁን እግሬ ወዴት ይሂድ? አዳዳ፣ ጨርሻለሁ። አልቀርም። ግን ለማን ይዤ ልምጣ?