ወንድሜ ያልደረሰበት ረዳት

አላህ ይዘንለትና ታላቅ ወንድሜ የአስር ሶላት ሰግዶ ከመስገጃው ሳይነሳ ራሱን ይጠይቅ ነበር፦ «አንተ ሰውዬ፣ ዛሬ ማንን በደልክ?» የበደለው ካለ አውፍ ሊያስብል፣ ይቅር በለኝ ሊል ይሄዳል።

አሰብ ወደብ ዘበኛ ሳለ አንዱን የከባድ መኪና ረዳት «ጀሪካን ሰረቅህ» ብሎ በሰው ፊት አዋረደው። ጀሪካኑ እዚያው ዘበኛ ቤት ተገኘ። እየሮጠ ቢሄድ መኪናው ወደ አዲስ አበባ ተነስቷል። ሹፌሩ የተመለሰው ሌላ ረዳት ይዞ ነው።

«ያኛውስ?»

«ለውትድርና ታፈሰ፣ አባባ።»

ከዚያ ወዲህ መኪና ሁሉ እያስቆመ ይጠይቃል።

«ተወው እንግዲህ፣ አንተ ደግሞ!» እለዋለሁ።

«የሰው ሐቅ ነው እኮ። ባለቤቱ አውፍ ካላለኝ ምን ይውጠኛል?»

እንደጠየቀ ሞተ። መስገጃውን ያጠፈው የለም። አሁን መኪና የማስቆመው እኔ ነኝ። ረዳቱ ጦር ሜዳ ቀርቶ ከሆነስ፣ ወንድሜን ማን አውፍ ይበልልኝ?