ፈረስ እንዳይገዛ የተላክሁበት ጉዞ

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል፣ አዘዞ

ጋሽ ታከለ ከቤቱ የወጣው ኮርቻ ተሸክሞ ነው። ሌላው ሰው ለመንገድ ሲነሣ ቦርሳ ይይዛል፤ የእህቴ ባል ግን ኮርቻ፣ ልጓም፣ በማዳበሪያ ከረጢት የተቋጠረ ገብስም ይዞ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እሱ ግን ፈገግ እንዳለ ነው።

የምንሄደው ወደ ዳባት ነው። ከዳባት በላይ፣ ደጋው ላይ፣ ለጉግስ የሚሆኑ ወጣት ፈረሶችን እያረባ የሚሸጥ አያ ደሴ የሚባል ገበሬ አለ። ጋሽ ታከለ በሙያው በያጅ ነው፤ በሰፈራችን የእሱ እጅ ያልነካው የብረት በር ጥቂት ነው። ጥር ሲመጣ ግን ብየዳውን ዘግቶ ለጥምቀት ጉግስ ይጋልባል። አሮጌው ፈረሱ ክረምት ላይ ስለሞተበት ዘንድሮ ሌላ ሊገዛ ቆርጧል።

እኔ ደግሞ የምሄደው እንዳይገዛ ነው። ይህን እሱ አያውቅም። ባለፈው ጥምቀት ፈረሱ ተንሸራቶ አብሮት ሲወድቅ የግራ ትከሻው ተሰብሯል። ሦስት ወር ሙሉ ሸሚዙን የምታለብሰው፣ እንጀራውን የምትቆርስለት እህቴ የሺ ነበረች። ትናንት ከሰዓት ወደ ጓዳ ጠራችኝና «ሃምሳ አምስት ዓመቱ ነው። እንደገና ከወደቀ አይነሣልኝም። እንደ ምንም ብለህ ባዶ እጁን መልሰው» አለችኝ። ዕንባዋ እየወረደ ነበር። እሺ አልኋት። መምህር ስለሆንሁ ሰው ማሳመን የምችል ይመስላታል። ተማሪዎቼን አታውቃቸውም።

1 ሰዓት ተኩል፣ አምባ ጊዮርጊስ

ጎንደር መናኸሪያ ላይ ከሚኒባሱ ሾፌር ጋር ክርክር ገጠምን። ኮርቻው የሰው ቦታ ስለሚይዝ ይከፈልበት አለ። ጋሽ ታከለ ኮርቻ ተሳፋሪ ሆኖ አያውቅም ብሎ ተከራከረ። በመጨረሻ ኮርቻውን እኔ ታቅፌው እንድሄድ ተስማሙ፤ እኔን የጠየቀኝ የለም። ኮሶዬን ስናልፍ ተሳፋሪው ሁሉ በግራ መስኮት ገደሉንና ጭጋጉን ያያል፤ እኔ የማየው የኮርቻውን ቆዳ ነው።

አሁን አምባ ጊዮርጊስ ቆመናል። የወገራ ሜዳ ገብሱ ታጭዶ ክምሩ በየማሳው ተደርድሯል፤ አንዳንዱ አውድማ ላይ በሬዎች መዞር ጀምረዋል። ሻይ ሃያ ብር ነው፣ ፓስቲውም ሃያ። የነቢያት ጾም ስለሆነ ጋሽ ታከለ፣ ቅዳሜም ቢሆን፣ እንደ ልማዱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምስም። ሁለተኛውን ፓስቲ ሳነሣ ዞር ብሎ ተራራውን አየልኝ። ጨዋ ሰው ነው።

ሾፌሩ ኮርቻው ወዴት እንደሚሄድ ጠየቀ። ጋሽ ታከለ ፈረስ ሊገዛ መሆኑን ሲነግረው፣ በልጅነቱ አንድ ፈረስ ወንዝ ውስጥ ጥሎት እንደነበር ረዘም አድርጎ አወጋን። እኔም ዕድሉን አገኘሁ ብዬ ፈረስ ስለሰበረው ሰው ሁሉ ጠየቅሁት። ሾፌሩ አራት ሰው ቆጠረ። ጋሽ ታከለ አራቱም መጋለብ የማይችሉ ናቸው አለ፤ ሁለቱን ጭራሽ አያውቃቸውም።

4 ሰዓት፣ ከዳባት በላይ

ከዳባት ያለው የእግር መንገድ ነው። ዳገት፣ ባሕር ዛፍ፣ እንደገና ዳገት። ጋሽ ታከለ ኮርቻውን በቀኝ ትከሻው ብቻ ነው የሚሸከመው። ሲደክመው ወደ ግራው በማዞር ፈንታ አውርዶ ያርፋል። ሦስት ጊዜ ሲያርፍ አይቼ ኮርቻውን ተቀበልሁት።

በመንገድ ላይ ያዘጋጀሁትን ሁሉ አወጣሁ። ጭድ መወደዱን፣ ጋጣው ማፍሰሱን፣ ለወር ያህል የብየዳ ሥራ መጉደሉን ነገርሁት። ጭዱን ካምናው አጠራቅሟል። ጋጣውን ባለፈው ሳምንት በቆርቆሮ ከድኗል። ሥራውን ደግሞ ከጥምቀት በፊት ሊጨርስ ቀብድ የተቀበለባቸውን በሮች ሁሉ ሠርቶ አስረክቧል። ዳገቱ ላይ ትንፋሽ ሲያጥረኝ ክርክሩም አብሮ አጠረ።

6 ሰዓት፣ አያ ደሴ ግቢ

በድንጋይ ካብ የታጠረ ሰፊ ሜዳ ነው። አራት ባዝራዎች ይግጣሉ፤ ከሥራቸው ሁለት ውርንጭሎች አሉ። አንድ መልኩ ዳማ የሆነ ወጣት ፈረስ ብቻውን ከካቡ ጥግ ቆሞ ጆሮውን ወደ እኛ ቀስሯል። ሦስት ዓመቱ ነው። ጋሽ ታከለ ሲያየው ቆመ። ኮርቻውን ከእጄ ተቀበለኝ።

የአያ ደሴ ባለቤት ወይዘሮ ጥሩ ለውርንጭሎቹ ገብስ ይዘው ወጡ። አሰጣጣቸው ግን ሌላ ነው፤ በአንድ እጃቸው ገብሱን ይዘው በሌላው ነጠላቸውን ያራግባሉ፣ እልል ይላሉ፣ ባዶ ጣሳም በእግራቸው ይመታሉ። ታመው ይሆን ብዬ ደንግጬ ነበር። ለካ ሥራ ነው። ፈረሱ ገና በጡት ሳለ እልልታና ከበሮ ሲሰማ ገብስ እንደመጣለት ካወቀ፣ አድጎ ጥምቀት ላይ ሕዝቡ ሲጮህ አይደነብርም። ውርንጭሎቹ ጣሳው ሲንኳኳ እየተጋፉ መጡ። እኔ ከካቡ ማዶ ሆኜ ተመለከትሁ፤ ፈረስን የምወደው ካብ ሲኖር ነው።

አያ ደሴ ቀጭን፣ ረጅም፣ ቃል የማያባክን ሽማግሌ ናቸው። ዋጋ አልጠሩም። የሳቸው ደንብ ገዢው ፈረሱን ራሱ ሜዳው ላይ ይዞ፣ ራሱ ኮርቻ ጭኖ፣ ሜዳውን ሁለት ጊዜ እንዲዞር ነው። እሳቸው ካቡ ላይ ተቀምጠው ያያሉ።

ጋሽ ታከለ ገብሱን በመዳፉ ይዞ ቀረበ። ዳማው ሁለት ጊዜ ሸሸ፤ በሦስተኛው መጣና ከእጁ በላ። ገመዱን በአንገቱ አስገባ። ኮርቻውን ግን በአንድ እጁ ሊጭን ሲሞክር ወደ ማዶ ተንሸራቶ ወደቀ። እንደገና ሞከረ። በሦስተኛው በጉልበቱ አግዞ ጫነ። ወጥቶ ሜዳውን ሲዞር ግን፣ እኔ ፈሪው እንኳ ልቤ ሞላ። ዳማው ሶምሶማ ሄዶ ሄዶ ወደ ደንገላሳ ገባ፤ ጋሽ ታከለም የሃያ ዓመት ወጣት ሆኖ ታየኝ። ሲወርድ ዓይኑ ረጥቧል። ያን ጊዜ የየሺ አደራ ከሸፈ አልሁ በልቤ።

አያ ደሴ ከካቡ ወረዱና ገመዱን ተቀበሉት።

«ሸጋ ጋላቢ ነህ። እኔ ግን አልሸጥልህም» አሉ።

«ምነው አያ? ገንዘቡ እኮ በእጄ ነው።»

«ገንዘብህን አልጠየቅሁህም። ግራ እጅህ ከደረትህ በላይ አይወጣም። ይኸ ፈረስ ገና ልጅ ነው፤ ሲደነግጥ በሁለት እጅ ካልያዝኸው ይጥልሃል። ሰው የጣለ ፈረስ ደግሞ ስሙ ይጠፋል፤ ከዚያ ጋሪ ነው የሚጎትት። ላንተም ለሱም ብየ ነው።»

ጋሽ ታከለ ኮርቻውን ከዳማው አወረደ። ሄዶ ካቡ ሥር ተቀመጠ። የተላክሁበት ጉዳይ እዚህ ግቢ አንድ ቃል ሳልናገር ተፈጽሞልኛል፤ ግን አልተደሰትሁም። አጠገቡ ስቀመጥ ወደ እኔ ሳይዞር «ከአሥራ ስምንት ዓመቴ ጀምሮ ከጉግስ ቀርቼ አላውቅም። ሰው ሁሉ ወደ ሜዳ ሲወጣ እኔ በር ላይ ቁጭ ብዬ እልልታውን ልስማ?» አለ። ትከሻው እንደማይድን ከሐኪሙ ከሰማ ቆይቷል፤ ለየሺም አልነገራትም። አፈርሁ። እኔና እህቴ ጓዳ ተደብቀን ስንመክር እሱ ብቻውን ይህን ተሸክሞ ኖሯል።

9 ሰዓት፣ እዚያው

ሰዓቱ ደረሰና ተበላ። የባቄላ አሹቅ፣ ሽሮ፣ የገብስ ጠላ። ከጠዋቱ ፓስቲ ወዲህ ያልቀመስሁት እኔ ከሁሉም በላይ በላሁ።

አያ ደሴ ስለሞተው ፈረስ ጠየቁት። ጋሽ ታከለ መጀመሪያ በአጭር መለሰ፤ ኋላ ግን ማዘኑን ረሳው። ሰኮናውን እንዴት እንደሚጠርብለት፣ ሳል ሲይዘው ጭዱን በምን እያራሰ እንደሚያበላው፣ በመጨረሻዎቹ ቀናት መቆም ሲያቅተው በስንት ሰው እያገላበጡ እንዳስታመሙት አወራ። አያ ደሴ መብላታቸውን ትተው ያዳምጣሉ። ወሬው ሲያልቅ ወይዘሮ ጥሩ ባላቸውን «ምነው ግራጫይቱን አትሰጠውም?» አሏቸው።

ግራጫይቱ ከአራቱ ባዝራዎች አንዷ ናት። አርግዛለች፤ የካቲት መጨረሻ ላይ ትወልዳለች፤ በሆዷ ያለውም አባቱ የዳማው አባት ነው። የአያ ደሴ ልጆች ከተማ ገብተዋል፣ የግጦሹም ሜዳ ግማሹ ታርሷል፤ አራት ባዝራ በጋውን ማሻገር አልቻሉም። መሸጥ ደግሞ ይፈራሉ። አምና የሸጧትን ባዝራ ጠዳ ላይ አሸዋ የጫነ ጋሪ ስትጎትት አይተዋታል። «ሰላም ሳልላት አለፍሁ። አፈርሁባት» አሉ።

ስለዚህ ለርቢ ሊሰጡት ነው። ባዝራዋ የሳቸው እንደሆነች ትቀራለች፤ እሱ ያኖራታል፤ የመጀመሪያው ውርንጭላ የሱ፣ ሁለተኛው የሳቸው ይሆናል። «ጉግስ አይወጣባትም፤ ባዝራ ናት፣ ነፍሰ ጡርም ናት። የምትወልደውን ግን አንተ ገርተህ አሳድገው። ለሚጋልብ ሽጠው። ጥር ላይ ሜዳው ውስጥ ያንተ እጅ ይኑርበት» አሉት።

ጋሽ ታከለ የጠላ ዋንጫውን አስቀመጠ። ከዚያ ተነሥቶ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ ሲል አያ ደሴ ያዙት።

አንድ ነገር ግን ቀርቷል። ገመዷን ለሱ አልሰጡትም። አዙረው ለእኔ ሰጡኝ።

«እሱ ሥራ ሲውል ድርቆሽ የምትሰጣት፣ ውሃ የምትቀዳላት ባለቤቱ ናት። ገመዱን ለእሷ ስጥልኝ። በገዛ እጇ ከተቀበለችህ ትኑር። ካልተቀበለች ግን ሳትጨቃጨቅ መልስልኝ፤ ያልወደዷት ቤት አላሳድራትም።»

ፈረስ እንዳይገባ የተላከው ሰው ገመድ ይዞ ቀረ። እስካሁን ፈረስ ነክቼ አላውቅም ነበር።

እሑድ፣ 5 ሰዓት፣ ከዳባት መውጫ

እዚያው አድረን፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ግራጫይቱን እየመራን ወረድን። ዕቃ አራግፎ ባዶውን ወደ ጎንደር የሚመለስ አይሱዙ አገኘን። ሾፌሩ ነፍሰ ጡር መሆኗን ሲሰማ ከፍ ካለ የአፈር ክምር አስጠግቶ ቆመ፤ እሷም ሳትዘል በእግሯ ገባች። ወለሉ ላይ አፈርና ጭድ አለበስን። ጋሽ ታከለ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላው ቆምን። ሾፌሩ በየኩርባው በቀስታ ነዳልን፤ ኬላ ላይ ፈታሾቹ ሆዷን አይተው ሳያስወርዱን አሳለፉን።

ወገራ ስንደርስ ባዝራዋ አገጯን ትከሻዬ ላይ አሳረፈች። አልተንቀሳቀስሁም፤ ግማሹ ፍርሃት ነው፣ ግማሹ ግን አይደለም። እዚያው ሆኜ የሺ ለምን እንደላከችኝ ለጋሽ ታከለ ተናዘዝሁ። ሳቀብኝ።

«ፈረስ ሲያይ መንገድ የሚሻገር ሰው ዳባት ድረስ ለምን የተከተለኝ መሰለህ? አዘዞ ሳንወጣ ነው ያወቅሁት» አለ። ከዚያ ሳቁን አቆመና «ትከሻዬን ግን እኔ ራሴ ነው የምነግራት» አለኝ።

9 ሰዓት፣ አዘዞ

አይሱዙው በሩ ላይ ሲቆም የሺ ወጣች። መጀመሪያ ባሏን ከላይ እስከ ታች አየችው፤ ደህና ነው። ቀጥሎ ባዝራዋን አየች። ቀጥሎ እኔን። እንዲህ ዓይነት አስተያየት ከልጅነታችን ወዲህ አላየሁባትም።

«ምን ብዬ ነው የላክሁህ?»

መልስ ከመስጠቴ በፊት ጋሽ ታከለ ወደ እሷ ቀረበ። «የሺዬ፣ ትከሻዬ አይድንም። ዘንድሮም አልጋልብ፣ ከእንግዲህም አልጋልብ። ከሚያዝያ ጀምሮ አውቄ ደብቄሽ ነበር» አላት። ጎረቤት ሁሉ በር በሩ ላይ ወጥቶ ስለነበር ሊያለቅስ አልፈለገም፤ አለቀሰ። የሺም ሰው አየኝ ሳትል በነጠላዋ ጫፍ ፊቱን ጠረገችለት።

እኔ የባዝራዋን ነገር ነገርኋት። የሰውየውን ደንብ፣ የርቢውን ስምምነት፣ ካልፈለገች ሳንጨቃጨቅ እንደምንመልሳት አስረዳሁ። ገመዱን ዘረጋሁላት።

አልተቀበለችኝም። በባዝራዋ ዙሪያ ዞረች። በጉዞ አፈር የለበሰውን ጎኗን አየች፣ ሆዷ ላይ እጇን አሳረፈች። በሆዷ ያለው ተንቀሳቀሰ መሰለኝ፤ እጇን አንሥታ እንደገና አሳረፈች።

«ከጠዋት ጀምሮ ውሃ ጠጥታለች?»

እርስ በርሳችን ተያየን። ሁለታችንም አላሰብነውም ነበር።

«ሁለት ወንድ ሆናችሁ አንዲት እርጉዝ በውሃ ጥም ከዳባት እዚህ ድረስ?» አለችና ወደ ውስጥ ገባች። ባልዲ ሞልታ ተመለሰች። ባዝራዋ ጎንበስ ስትል የሺ ገመዱን ከእጄ ነጠቀችና አንገቷ ላይ አላላችላት፤ ባልዲው እስኪያልቅ ድረስም አልለቀቀችውም።

«ደውልና ለሰውየው ተቀብላለች በለው» አለችኝ።