ጋሽ ማኅተም እና ሃያ ሦስቱ የተከለከሉ ቃላት

አዋጅ! ፎቅ የምትወጣም፣ ከፎቅ የምትወርድም፣ አሳንሰሩ ተበላሽቶብህ ደረጃ መሀል ቆመህ የምታለከልክም፣ ጆሮህን ስጥ! ከደረጃው ሥር ባለችው ባለ አንድ መስኮት ክፍል ውስጥ አንድ ታላቅ ሰው ተቀምጠዋል። ግዛታቸው አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የብረት ቁም ሣጥን እና አልጋ ወራሽ ያልተገኘለት አንድ የቀን ማኅተም ነው። ከእሳቸው ፈቃድ ውጭ የተጻፈ እንዳልተጻፈ፣ የተላከ እንዳልተላከ፣ የደረሰም እንዳልደረሰ ይቆጠራል። ይህን አልሰማሁም የምትል ካለህ ችግር የለም፤ ደብዳቤ እንጽፍልሃለን። ደብዳቤው ግን አይደርስህም።

እኚህ ታላቅ ሰው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናቸው፤ ሕንፃው በሙሉ ጋሽ ማኅተም ይላቸዋል። በሃያ አራት ዓመታቸው ተቀጠሩ፤ ይኸው ሠላሳ አንድ ዓመት ያችው ክፍል ውስጥ ናቸው። በዚህ መሀል ሰባት ሥራ አስኪያጅ መጥቶ ሄዷል፣ ግድግዳው ሁለት ጊዜ ቀለም ተቀብቷል፣ እሳቸውም አንድ ጊዜ አግብተዋል። ልብስ ሰፊዋ ባለቤታቸው "ላግባሽ ብሎ የጻፈልኝ ደብዳቤ እንኳ ሁለት ግልባጭ ነበረው" ብላ ትምላለች፤ አንደኛው ግልባጭ ለአባቷ፣ ሁለተኛው ለፋይል።

የሕይወታቸው መመሪያ አንዲት አረፍተ ነገር ናት፦ ያልተመዘገበ አልደረሰም። መሣሪያቸውም ያ የቀን ማኅተም ነው፤ ቀን፣ ወርና ዓመቱ በጎማ ቀለበት ላይ ተቀርጾ በአውራ ጣት የሚዞር። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሞላ፣ ሌላው ቦርሳውን ሲያነሳ፣ ጋሽ ማኅተም ጎማውን ወደ ነገ ያዞራሉ። በዚያች ደቂቃ ዛሬ ያበቃል። ሰማዩ ላይ ፀሐይ ብትኖርም የፀሐይ ጉዳይ ነው።

አምና የሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ ለሥልጠና ማመልከቻ ይዛ፣ ሦስት ፎቅ በሩጫ ወርዳ፣ በአሥራ አንድ ሰዓት ከአራት ደቂቃ መስኮቱ ላይ ደረሰች። የመጨረሻው ቀን ነበር።

"ጋሼ፣ ደረጃው ላይ ነው እኮ የቆየሁት!"

"ቀኑ ዞሯል፣ ልጄ።"

"ታዲያ መልሰው ያዙሩታ!"

"ቀን ወደ ኋላ ሲዞር አይተሽ ታውቂያለሽ?"

ሥልጠናው አመለጣት። አልጮኸችም፤ አላለቀሰችም። ማመልከቻዋን በአራት አጥፋ መሳቢያዋ ውስጥ ከተተችው። ከተቆጣ ሰው ይልቅ ወረቀት ያስቀመጠ ሰው እንደሚያስፈራ የመዝገብ ቤት ሰው ሊያውቅ በተገባ ነበር።

ዘንድሮ ደግሞ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ጡረታ ወጡና ከጋሽ ማኅተም ጎን ያለው ባለ እጀታ ወንበራቸው ባዶ ቀረ። ጋሽ ማኅተም ያንን ወንበር ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በዓይናቸው ሲቀመጡበት ኖረዋል። አሁን ካላገኙት፣ ዳግመኛ ሲለቀቅ እሳቸው ቤታቸው የሚስታቸውን ክር ሲያጠነጥኑ ነው የሚገኙት። ውድድሩ ወጣ፤ ሁለት ሰው ተፈተነ፦ እሳቸውና ጸሐፊዋ። ውጤቱን ዋናው መሥሪያ ቤት በኢሜይል ይልካል ተባለ።

ኢሜይል! ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት ሥራ አስኪያጁ ኮምፒውተር አስገብተውላቸው "ከእንግዲህ ደብዳቤ በዚህ ይመጣል" ሲሏቸው፣ ጋሽ ማኅተም ደብዳቤ የምትለዋን ቃል ይዘው የቀረውን ለቀቁት። ደብዳቤ ከሆነ ይታተማል፤ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ማኅተም ያርፍበታል፤ ወደ ላይ ይቀርባል። እንዲያም አደረጉ። "ራሰ በራነትን በሰባት ቀን ድራሹን የሚያጠፋ ቅባት" ገቢ ቁጥር አንድ መቶ አርባ ሁለት ሆኖ ለሥራ አስኪያጁ ቀረበ፤ ሥራ አስኪያጁ ራሰ በራ ናቸውና ሁለት ቀን አኮረፉ። "የሎተሪ አሸናፊ ሆነዋል" የሚለው "ለሕግ ክፍል፤ ተጠንቶ ይቅረብ" ተብሎ ተመራ፤ ሕግ ክፍሉም አጥንቶ "ዕጣውን ስለመቁረጣችን ማስረጃ አላገኘንም" ሲል በሁለት ገጽ መለሰ። ባሏ የሞተባት፣ ሀብቷን ማን ላይ እንደምትጥለው የጨነቃት አንዲት የባሕር ማዶ ሴት ዘጠኝ ጊዜ ስለጻፈች የራሷ ፋይል ተከፈተላት። በመጨረሻም መሥሪያ ቤቱ "በደረሰብዎ መሪር ሐዘን የተሰማንን እየገለጽን፣ ጉዳዩ ከተሰጠን ተግባርና ኃላፊነት ጋር የማይገናኝ መሆኑን እናስታውቃለን" ብሎ፣ ማኅተም መትቶ መለሰላት። ሴትዮዋ በዕድሜዋ መልስ ስታገኝ የመጀመሪያዋ ሳይሆን አይቀርም፤ በማግስቱ አርባ ሰባት ዘመዶቿ ጻፉ።

ወረቀት አለቀ። ቀለም አለቀ። የሥራ አስኪያጁም ትዕግሥት አለቀና "ይህን ጉድ አስቁሙልኝ!" ብለው ጮኹ። ጋሽ ማኅተም አንገታቸውን ደፍተው ዋርሳቸውን፣ የሚስታቸውን ታናሽ እህት፣ ጠሩ። ኮምፒውተር ጠጋኝ ናት፤ ምላሷ ከእጇ ይፈጥናል። ክፍላቸው ውስጥ ገብታ የተከመረውን ወረቀት ስታይ ወንበር ፍለጋ ግድግዳውን ያዘች፤ ሳቅ ነው።

"ጋሼ፣ በሞቴ፣ ይህን ሁሉ እያተምክ ነው የምታስገባው?"

"ምን ላድርግ? መጣ እኮ።"

"የመጣ ሁሉ ይገባል እንዴ? ቤትህ ያንኳኳውን ሁሉ ታስገባለህ?"

"አንቺን አስገብቼሻለሁ።"

"እሺ፣ ዞር በል።" ወንበሩን ቀማቻቸው። "ይኸውልህ፣ ማስተካከያ የሚለውን ትከፍታለህ። እዚህ ውስጥ ማጣሪያ አለ። ላኪውን ማገድ ትችላለህ። ወይ ደግሞ አንድ ቃል ትጽፍና፣ ያ ቃል ያለበት ሁሉ ወደ ስፓም ሣጥን ይሂድ ትለዋለህ።"

"ስፓም ምንድን ነው?"

"የማይረባ መልእክት የሚጣልበት። ግን ወዲያው አይጠፋም፤ ሠላሳ ቀን እዚያ ይቀመጣል። ስለዚህ በየጠዋቱ ገለጥ አድርገህ እይ፤ ደህና ሰውም ተሳስቶ ይገባበታል። ደግሞ ቃል አታብዛ! ላኪውን ብቻ አግድ፤ 'ስፓም ነው' የሚለውንም ተጫን። ቀስ በቀስ ማሽኑ ራሱ ይማራል።"

ጋሽ ማኅተም መነጽራቸውን አወለቁ። "ማሽኑ... ከእኔ ይማራል?"

"ካንተ።"

ይህን ባልነገረቻቸው! ሠላሳ አንድ ዓመት ከማንም "እሺ፣ ገባኝ" ያልተባሉ ሰው ተማሪ አገኙ።

"የጣልኩትን ግን በየጠዋቱ እየገለጥኩ አላሸትም" አሉ ኮስተር ብለው።

"አንተ ታውቃለህ" አለች ዋርሳቸው፣ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ እየጣለች። "ኋላ አልነገረችኝም እንዳትል።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከደረጃው ሥር አዲስ መንግሥት ቆመ። አዲስ መዝገብ ተከፈተ፤ ሽፋኑ ላይ በቀይ እስክሪፕቶ "የተከለከሉ ቃላት" ተብሎ ተጻፈበት። መጀመሪያ "ሎተሪ" ታገደ፤ ማንም አልተቃወመም። ቀጥሎ "ቅባት"። ቀጥሎ "ውርስ"። ሥልጣን ግን ሎተሪ ላይ አይቆምምና "አሸናፊ" ታገደ፤ ምክንያቱም እሳቸው አሸንፎ በኢሜይል የተነገረው ሰው አያውቁም። "ውድ" ታገደ፤ ሳያውቀኝ ውድ የሚለኝ ሌባ ነው አሉ። "በአስቸኳይ" ታገደ፤ የቸኮለ በእግሩ ይምጣ። "እንኳን ደስ ያለዎት" የታገደው ደግሞ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ሰው በቅን ልቦና ብሏቸው ስለማያውቅ ነው። ሃያ ሦስት ላይ ሲደርሱ ቆሙ። የሚከለከል ቃል አላጡም፤ የገጹ መስመር አልቆ ነው።

በቀን ሰማንያ የነበረው መልእክት አራት ሆነ። ጋሽ ማኅተም አንጀታቸው ቅቤ ጠጣ። ደረታቸውን ነፍተው ኮሪደሩ ላይ "ዝም አሰኘኋቸው" እያሉ ይናገሩ ጀመር። በዚያው ወር ሥራ አስኪያጁ ራቅ ወዳለ ቅርንጫፍ ሄደው ትእዛዛቸውን ሁሉ በኢሜይል ይልኩ ነበር። ሥራ አስኪያጅ ደግሞ "በአስቸኳይ" ሳይል "ሻይ አምጡ" ማለት የማይችል ፍጡር ነው። አንድም ትእዛዝ አልገባም። መሥሪያ ቤቱ ያለ ትእዛዝ አሥራ ሁለት ቀን ሠራ፤ ሥራውም ከወትሮው አልከፋም፤ ይህን ግን እዚህ ላይ ባናነሳው ይሻላል።

ጋሽ ማኅተም የሚጠብቁት አንድ ደብዳቤ ብቻ ነበር። በየጠዋቱ ኮታቸውን ሳያወልቁ ገቢ ሣጥኑን ይከፍታሉ። የለም። ወሩ ዘጠኝ ሲል መጠበቅ ሰለቻቸውና ዋናው መሥሪያ ቤት ደወሉ። አንዲት ልጅ አነሳች።

"የውድድሩ ውጤት ምን ደረሰ?"

"ልከንላችኋል እኮ፣ አባባ።"

"መዝገቤ ላይ የለም።"

"ከሳምንት በፊት ነው የወጣው፤ እስቲ ደህና አድርገው ይዩት።"

"ልጄ፣ ያልተመዘገበ አልደረሰም!" ብለው ስልኩን ጆሮዋ ላይ ጠረቀሙት። ቀኑን ሙሉም የዘመኑ ልጅ ሥራ አያውቅም ሲሉ ዋሉ።

ወሩ አሥራ አምስት ዋለ። አሥር ሰዓት ተኩል ሲሆን ጸሐፊዋ መጣች፤ ሥራ አስኪያጁ ስልክ ደውለው ጆሮዋን አግለውታል።

"ጋሼ፣ አሥራ አራት ትእዛዝ ልኬ አንድ መልስ አላገኘሁም እያሉ ነው። የት ገቡ?"

"አልደረሱም።"

"እስቲ ስፓሙን ይክፈቱት።"

"የጣልኩትን ከፍቼ አላሸትም።"

"እርስዎ አይክፈቱ። እኔ አፍንጫዬን ይዤ እከፍተዋለሁ።" አጎንብሳ ተጫነችው።

አሥራ አራቱም ትእዛዝ ተደርድሯል፤ አሥራ አራቱም "በአስቸኳይ"። ከእነሱ በታች፣ በቅባቱና በመበለቲቱ ዘመዶች መካከል፣ የዋናው መሥሪያ ቤት ስም ነበር። ወር በገባ በሁለተኛው ቀን የተላከ። ጸሐፊዋ ጮክ ብላ አነበበችው፤ ከመጀመሪያው መስመር በኋላ ድምጿ ቀነሰ።

"ውድ ባልደረባችን፣ እንኳን ደስ ያለዎት! ለመዝገብ ቤት ኃላፊነት በተደረገው ውድድር አሸናፊ ሆነዋል። ቦታውን መቀበልዎን የወጪ ማኅተም ባረፈበት ደብዳቤ እስከ ወሩ አሥራ ሦስት በአስቸኳይ ያሳውቁን። ይህ ካልሆነ ቦታው ለሁለተኛዋ ተወዳዳሪ ይተላለፋል።"

አራት የተከለከሉ ቃላት በአንዲት አጭር ደብዳቤ! ማሽኑ ጎበዝ ተማሪ ነበር።

የጋሽ ማኅተም እጅ ወደ ስልኩ ሄደ። ያችው ልጅ አነሳች።

"ሁለት ቀን ነው ያለፈው፣ ልጄ፣ ሁለት ቀን..."

"አባባ፣ እኛ የምናየው ማኅተሙን ነው። አሥራ ሦስት ካለ እንቀበላለን፤ አሥራ አምስት ካለ አንቀበልም። 'ከማኅተሙ ቀን ሌላ ቀን የለም' ብለው በደብዳቤ ያሳሰቡን እርስዎ አይደሉ? ግድግዳችን ላይ ለጥፈነዋል።" ስልኩን እሷ ቀድማ ዘጋች፤ ቀስ አድርጋ፣ በጨዋ ደንብ።

ለአሥራ አንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ። ጋሽ ማኅተም የመቀበያ ደብዳቤውን በሦስት መስመር ጻፉት፤ በሕይወታቸው እንዲህ ያጠረ አልጻፉም። አተሙት። ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። ማኅተሙን አነሱ። የማኅተሙ ጎማ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ይዞራል፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ይህን ምስጢር የያዙት እሳቸው ብቻ ነበሩ። አውራ ጣታቸው አሥራ አምስቷ ላይ አረፈች።

ጸሐፊዋ አልሄደችም። ሁለተኛዋ ተወዳዳሪ እሷ ናት። ባለ እጀታውን ባዶ ወንበር ሳበችና ተቀመጠችበት፤ ከእጅ ቦርሳዋም በአራት የታጠፈ ወረቀት አወጣች። ለካ ከመሳቢያው ወጥቶ አብሯት ይዞር ኖሯል።

"ጋሼ፣ ቀን ወደ ኋላ ሲዞር አይቼ አላውቅም። ዛሬ ካሳዩኝ ግን ሁለት ቀን ላይ አይቁሙ፤ እግረ መንገድዎን እስከ አምና ድረስ ያዙሩልኝና ይቺንም ይምቷት።"

"ልጄ..."

"ያን ቀንም ልጅዎ ነበርኩ።"

ሰዓቱ ለአሥራ አንድ አምስት ጉዳይ አለ። አምስት ደቂቃ ካለፈ ጣታቸው በልማዱ ወደ አሥራ ስድስት ሊያዞረው ነው።

አንባቢ ሆይ፣ በዚያ ደረጃ የምትወጣ የምትወርድ ከሆነ አንድ ውለታ ዋል። በመስኮቷ አንገትህን አስገባና፣ ሰላምታ ሳታበዛ፣ "ጋሽ ማኅተም፣ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?" በላቸው። አፋቸውን አትመን፤ አውራ ጣታቸውን እይ። ያየኸውንም በኢሜይል እልካለሁ እንዳትል፤ በእግርህ ና። ከሁሉ በፊት ግን ይህንኑ ልመና ካሁን ቀደም "በአስቸኳይ" ብለን ልከንልህ ነበርና፣ እስቲ የራስህን ስፓም ሣጥን ከፈት አድርገህ...